አንድ ዛፍ ነው እኮ

«አንድ ዛፍ ነው እኮ!» ይህችን ቃል የሰማኋት በባሌ፣ ከሪራ ወደ ደሎ መና በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ሐረና ጫካ ውስጥ፣ አንድ የዝግባ ጉቶ አጠገብ ነው። ክፋት አልነበረባትም። ዙሪያውን ሲያዩት ጫካው ሙሉ ነው። ቀና ሲሉ ሰማዩ በቅጠል ተከድኗል፤ ሐረጉ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ተንዠርግጓል። የጎደለው አንድ ዛፍ ብቻ ነው። በቦታው የምመልሰው አጣሁ። ቃሏ ግን እንደ እሾህ ተሰክታ ቀረች፤ እዚህ የምጽፈውም ያኔ ያልመለስኩትን ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ሰነቴ ሜዳ፣ ወደ ቀይ ቀበሮና ወደ ደጋ አጋዘን ይሮጣል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብም በየገጹ የተለጠፈው ፎቶ የቀበሮው ነበር። ይገባዋል። ነገር ግን ከሰነቴ ወደ ደቡብ ቁልቁል ሲወርዱ የሚጀምረው ሐረና በአገራችን ከቀሩት ትላልቅ የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። ላይ አስታ፣ ዝቅ ሲል ኮሶና አሜጃ፣ ከዚያ ቀርከሃ፣ ከዚያ ዝግባና ቀረሮ፣ እታች ደግሞ ማንም ሳይተክለው የበቀለ የጫካ ቡና። መጋዝ የሚገባውም እዚህ ነው።

ጉቶ ያየ ሰው መጀመሪያ እጁን ልኮ ቀለበቱን ሊቆጥር ይሞክራል። ባሌ ላይ ይህ አያስተማምንም። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ዛፍ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊሠራ ይችላል፤ የዝግባ ቀለበት ደግሞ ከነአካቴው ደብዛዛ ነው። ስለዚህ ዕድሜውን በሌላ መንገድ ማሰብ ይሻላል። ጉቶው ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ነበረው፤ አንድ ሰው አቅፎ አይጨርሰውም። በጥቅጥቅ ጫካ ጥላ ሥር ያደገ ዝግባ በዓመት 4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል ብንል እንኳ እዚያ ለመድረስ 200 ዓመት ይፈጅበታል። መጋዙ ሥራውን የጨረሰው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ባሕር ዛፍ ያስለመደን

ስለ ዛፍ መቁረጥ ያለን ግምት ከየት መጣ ብዬ ሳስብ መልሱ ደጃፋችን ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ዐይናችንን አሠልጥኖታል። ይቆረጣል፣ ጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና አጣና ይሆናል፣ ደግሞ ይቆረጣል። ከአንድ ጉቶ ሦስትና አራት ጊዜ ያጨደ ገበሬ «ዛፍ ቢቆረጥ ምን ይሆናል?» ቢል አይፈረድበትም። በሕይወቱ ሙሉ ያየው ዛፍ እንደዚያ ነው።

የጽድ ጉቶ አያቆጠቁጥም። ከተቆረጠ ሞተ። ወይራ ከጉቶው ይነሳል፤ ጽድ ግን ዳግም የሚመጣው ከዘር ብቻ ነው። ዘሩ ደግሞ ወፍ በልታው፣ ጥላና ብርሃኑ የሚስማማው ቦታ ላይ ጥላው፣ ከብት ሳይረግጠውና ፍየል ሳይቀነጥበው መብቀል አለበት። የትልልቅ ዝግባዎችም ተስፋ በአመዛኙ በዘር ነው። የዝግባ ዘር በጠንካራ ቅርፊት ስለተዘጋ ለመብቀል ወራት ይፈልጋል። ችግኝ ጣቢያ ያሉ ሰዎች ውስጡን ሳይጎዱ ቅርፊቱን ቀስ ብለው ሰንጠቅ ያደርጉታል፤ ጫካ ውስጥ ይህን የሚያደርግለት የለም።

የአገራችን ሕግ ይህን ልዩነት ቀድሞ የተረዳው ይመስለኛል። በኋላ በሌሎች አዋጆች የተተካው የደን አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አራት ዛፎች ናቸው። ለምን እነዚህ አራቱ ብሎ ለጠየቀ የተለመደው መልስ «ጣውላቸው ስለሚፈለግና ስለተመናመኑ» የሚል ነው። እውነት ነው። እኔን ያቆመኝ ግን ከዚህ መልስ ሥር ያለው ነገር ነው።

ወንዴና ሴቴ

ከአራቱ ሦስቱ፣ ማለትም ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ፣ እንደ ብዙዎቹ ዛፎች ወንዴውንና ሴቴውን በአንድ ግንድ ላይ አይዙም፤ ቢያንስ በአብዛኛው። ወንዴው ዛፍ ለብቻው ነው፤ ሴቴዋም ለብቻዋ። ወንዴው ብናኝ ያወጣል እንጂ ፍሬ አይይዝም።

ኮሶን የሚያውቁ እናቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ለመድኃኒት የሚለቀመው ወደ ቀይ የሚያደላው የሴቴዋ አበባ ነው፤ የወንዴውን የሚፈልገው የለም። ዕውቀቱ በየቤታችን ነበር ማለት ነው። ከደን ጥበቃ ጋር ግን አላገናኘነውም።

እስቲ ቁጥሩን ላስበው። በአንድ ሸለቆ ውስጥ አሥር ትልልቅ ዝግባዎች ቆመዋል እንበል። ግማሾቹ ሴቴ ከሆኑ ዘር የሚሰጡት አምስት ናቸው። ሦስት ዛፍ ተቆረጠ፤ ሦስቱም ሴቴ ሆነው ተገኙ። ሪፖርቱ «ከአሥር ሰባቱ አሉ» ይላል። የዘር ምንጩ ግን ከአምስት ወደ ሁለት ወርዷል። ቆራጩ ደግሞ ጾታ አይመርጥም፤ ውፍረትና ቀጥ ያለ ግንድ ነው የሚፈልገው። ብዙ ዘር የሚይዙትም ወፍራሞቹ፣ አናታቸው ብርሃን ያገኘው ናቸው። የወደቀችው አንዷ ብትሆንም በዙሪያዋ የሚበቅለውን ሁሉ ይዛ ነው የምትወድቀው።

ይህ ላይ የርቀት ነገር ይጨመርበታል። የዝግባና የጽድ ብናኝ የሚጓዘው በነፋስ ነው፤ ነፋስ ደግሞ በተራራቁ ዛፎች መካከል ብናኙን ያሳሳዋል። ወንዴዎቹ ተቆርጠው ሴቴዋ ብቻዋን ብትቀር የምትሰጠው ፍሬ ያንሳል። ቆማለች፤ አረንጓዴ ናት፤ ጥበቃውም ቆጥሯታል። እንደ እናት ግን አትቆጠርም።

ጉቶው አጠገብ ሆኜ ባውቀው ኖሮ ብዬ የምቆጨው ይህን ነው። «አንድ ዛፍ ነው» ላለኝ ሰው «ወንዴ ነበር ሴቴ?» ብዬ መጠየቅ ይበቃኝ ነበር።

ዋሻ ያለው ግንድ

ሌላም የማይተካ ነገር አለ። ያረጀ ዛፍ ግንዱ ውስጥ ክፍተት ይሠራል። ቅርንጫፍ ተሰብሮ፣ ቁስሉ በስብሶ፣ ከዓሥርተ ዓመታት በኋላ ጎጆ የሚሆን ዋሻ ይወጣዋል። በሐረና በምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር የደረበው ትልቁ ሆርንቢል የሚራባው በእንዲህ ያለ ዋሻ ብቻ ነው። እንስቷ ትገባለች፤ መግቢያው ምንቃር የምታህል ቀዳዳ ብቻ ቀርታ በጭቃ ይደፈናል፤ ጫጩቶቹ እስኪያድጉ ድረስ ወራት ተዘግታ ትቀመጣለች። ተባዕቱ ፍሬ እየለቀመ በዚያች ቀዳዳ ይቀልባታል። ያ ዛፍ በዚያ ወቅት ከተቆረጠ እንስቷም ጫጩቶቹም አብረው ይወድቃሉ። በሌላ ወቅት ከተቆረጠ ደግሞ በሚመጣው ዓመት የሚገቡበት አይኖርም። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ግንባረ ቢጫ በቀቀንም የዛፍ ዋሻ ይፈልጋል።

ሆርንቢሉ የሚለቅመው ፍሬ ውስጥ ደግሞ ዘር አለ። ሥጋውን በልቶ ዘሩን ሩቅ ይጥለዋል። ዋሻ ያለው ዛፍ ሲጠፋ ወፉ ይጠፋል፤ ወፉ ሲጠፋ የቀረችው ሴቴ ዛፍ ዘሯ ከእግሯ ሥር ተከምሮ ይቀራል። የንብ ነገርም እንዲሁ ነው። የሐረና ሰዎች ቀፎ የሚሰቅሉት ረጃጅም ዛፎች ላይ ነው። ጌተምን የመሰለ ለንብ የተመቸ ዛፍ ሲቆረጥ ማር ቆራጩ ቤተሰብ ከጣውላው ገንዘብ ሳይቀምስ ገቢው ይቀንሳል።

ግንዱ ሲሰነጠቅ

ታዲያ ይህ ሁሉ የጠፋበት ግንድ ምን ያህል ጣውላ ወጣው? ሒሳቡን በወረቀት ላይ ሠርቼው በጣም አዘንኩ።

80 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 4 ሜትር ርዝመት ያለው ግንድ 2 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ጫካ ውስጥ ጣውላ የሚያወጡ ሰዎች መጀመሪያ ጎን ጎኑን ልጠው አራት ማዕዘን ያደርጉታል። ከክብ ግንድ የሚወጣው ትልቁ አራት ማዕዘን ጎኑ 56 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ እዚህ ላይ ብቻ ከሲሶ በላይ በቆዳነት ተልጦ ይቀራል። የቀረው 1.28 ሜትር ኩብ ነው። ከዚያ በሞተር መጋዝ ይሰነጠቃል። የሞተር መጋዝ ሰንሰለት በሄደበት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ እንጨት ሰጋቱራ ያደርጋል፤ በጣውላ ፋብሪካ ያለው ባለ ቀበቶ መጋዝ ግን ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ቢበላ ነው። ስለዚህ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ጣውላ ለማውጣት 3.5 ሴንቲ ሜትር እንጨት ይሄዳል። በመጨረሻ 16 ጣውላ ይገኛል፤ ቢደመር 0.9 ሜትር ኩብ። ከግንዱ ግማሹ እንኳ አልሞላም። ይህ መጋዙ ሳይዛነፍ፣ ግንዱም ሲወድቅ ሳይሰነጠቅ ነው። ቅርንጫፉና አናቱ በሒሳቡ ውስጥ የሉም፤ እዚያው ይበሰብሳሉ፣ ወይም የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ለማገዶና ለከሰል በመጣ ሰው ይከፋፈላሉ። በዚያ ሰበብ አጠገቡ የቆሙት ለጋ ዛፎችም ይነካሉ።

በተፈቀደ የምርት ደን ውስጥ ዛፍ የሚጣልበት ሥርዓት አለ። ከዛፍ ዛፍ ያሰረው ሐረግ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ቀደም ብሎ ይቆረጣል፤ ካልተቆረጠ የሚወድቀው ዛፍ ጎረቤቶቹን ጎትቶ ይጥላል። ወደሚወድቅበት በኩል ከግንዱ ውፍረት ከሩብ እስከ ሲሶ የሚደርስ ጥርብ ይወጣለታል፤ በጀርባው በኩል ከፍ ብሎ ይቆረጣል፤ በመካከል ከውፍረቱ አንድ አሥረኛ የሚሆን እንጨት እንደ ማጠፊያ ይተዋል። ዛፉን አቅጣጫ የሚያስይዘው ይህ ማጠፊያ ነው። የዘር ዛፎች ቀድመው ምልክት ተደርጎባቸው ይቀራሉ፤ ወንዝ ዳር አይነካም፤ መጎተቻው መንገድ አስቀድሞ ይወሰናል። በፓርክ ውስጥ ተደብቆ በሚቆረጥበት ጊዜ ከዚህ አንዱም የለም። ጊዜ ስለሌለ ሐረጉ አይቆረጥም፣ ማጠፊያው አይተውም፣ ዛፉም ወደፈለገው ይወድቃል። 35 ሜትር የሚረዝም፣ አናቱ 12 ሜትር የሚሰፋ ዛፍ ሲተኛ 400 ካሬ ሜትር ያህል ሊጠርግ ይችላል።

የተሰነጠቀው ጣውላ በሸክም፣ በአህያና በፈረስ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ደጋግሞ የተረገጠችው ያቺ ቀጭን መንገድ አፈሯ ይጠቀጠቃል፤ ውሃ ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ በላይዋ ይፈስሳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። በመጀመሪያው ክረምት ትንሽ ቦይ ነው፤ በሦስተኛው ሰው የማያሻግር ቦረቦር ይሆናል። ወልመልና ሌሎቹም ከዚህ ተራራ የሚነሱ ወንዞች ወደ ቆላው የሚወስዱትን ውሃ በጋ ከክረምት የሚያቆይላቸው ጫካው ሥር ያለው ለስላሳ አፈር ነው። እሱ ሲደነድን በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ ድርቅ ይሆናል።

አናቱን አይቶ ማለፍ

ከመጋዝ የባሰ የማይሰማ ዘዴ አለ። የዛፉን ቅርፊት ከሥሩ ከፍ ብሎ ዙሪያውን መላጥ። ቅጠል የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በውስጠኛው ቅርፊት ነው፤ ያ ሲቋረጥ ሥሩ እየተራበ ይሞታል። ውሃ የሚወጣው ግን በእንጨቱ ውስጥ ስለሆነ አናቱ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። መንገድ ላይ ሆኖ ቀና ብሎ የሚያይ ጠባቂ ምንም አይታየውም። ዛፉ በመጨረሻ ሲደርቅ «ደረቅ እንጨት» ይሆናል፤ ደረቅ እንጨት መልቀም ደግሞ በብዙ ቦታ እንደ ነውር አይታይም። ኮሶ ላይ የሚሠራው ሌላው ዘዴ እግሩ ሥር እሳት ማንደድ ነው። ያረጀ ኮሶ ውስጡ ባዶ ስለሚሆን እንደ ጭስ ማውጫ እሳቱን ወደ ላይ ይስበዋል። ለዚህ ነው ቅኝት ላይ ያለ ሰው ከአናቱ ይልቅ እግሩን ማየት ያለበት፤ ዛፉን ዞሮ፣ ሐረጉንና ሣሩን ገለጥ አድርጎ።

ከሰማይ ማየትም በዚህ ነገር አያድነንም። ብዙ ጊዜ የደን ለውጥ የሚለካበት ላንድሳት የተባለው ሳተላይት ምስል አንዷ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር፣ ማለትም 900 ካሬ ሜትር ናት። የአንድ ዛፍ ክፍተት የዚያችን ግማሽ አይሞላም፤ በሁለተኛው ክረምት ደግሞ ሐረግና ቁጥቋጦ ይሸፍነዋል። አገራችን በ2007 ዓ.ም. የያዘችው የደን ትርጓሜ ከግማሽ ሄክታር ያላነሰ ስፋት፣ ከ2 ሜትር ያላነሰ ቁመትና ከ20 በመቶ ያላነሰ የአናት ሽፋን ያለውን ሁሉ ደን ይለዋል። ትርጓሜው የተሠራበት ምክንያት አለው፤ ቁጥቋጧማውንም የደን ዓይነት ለመቁጠር ይጠቅማል። ሐረና ላይ ሲታይ ግን ሰማይ የማያሳየው ጫካ አብዛኛውን ሽፋኑን አጥቶም በወረቀት ላይ ደን ሆኖ ሊቀጥል ይችላል ማለት ነው። በታችኛው ሐረና ቡናው ውስጥ ያለውም ከዚህ ይዛመዳል። ቡናው እንዲመች ሥር ሥሩ ሲመነጠር ለጋ ዛፎቹ አብረው ይሄዳሉ። ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ የሚተካቸው ልጅ የለም።

ኬላ ላይ ጣውላ መያዝ አስፈላጊ ነው፤ ግን ዘግይቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። የተወረሰው ጣውላ በሐራጅ ሲሸጥ ደግሞ የግዢ ወረቀቱ ለሌላ፣ ትናንት ማታ ለተቆረጠ ጣውላ መሸፈኛ እንዳይሆን ብዛቱና መጠኑ በጥንቃቄ መመዝገብ አለበት። ገዢውም ድርሻ አለው። ጽድ ቀላ ያለና የእርሳስ ሽታ ያለው ነው፤ ዝግባ ገርጣ ያለ ቢጫ፣ ሽታ የሌለው፣ መስመሩም የማይታይ። አናጺው ቤት ገብቶ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲበዛ ወረቀቱም ይጠራል።

ከሁሉ በላይ የማምነው ግን ከፓርኩ በስተ ምዕራብ፣ አዳባና ዶዶላ ላይ የተሞከረውን ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ፣ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ፣ ጫካው ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ዋጂብ በሚባል ማኅበር ተደራጁ። ስሌቱ ግልጽ ነበር፤ ለአንድ ቤተሰብ 12 ሄክታር ደን፣ በአንድ ማኅበር ከ30 ያልበለጠ ቤተሰብ። አንድ ማኅበር 360 ሄክታር ያህል ይይዛል ማለት ነው። አዲስ ሰፋሪ አይገባም፤ አባላቱ ግን ከደኑ በልክ ይጠቀማሉ፣ ውሉንም ያከብራሉ። ሠላሳ ቤተሰብ በ360 ሄክታር ውስጥ ሲኖር የትኛው ቢርቢርሳ በየትኛው ወር ፍሬ እንደሚይዝ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። (ቢርቢርሳ የዝግባ የኦሮምኛ ስሙ ነው።) የመጋዝ ድምፅ ሲሰማም የሚሄደው ወደ ራሱ ደን ነው።

ፓርክ ውስጥ እንዲሁ ማድረግ አይቻልም፤ የፓርክ ሕጉ ሌላ ነው። ዕውቀቱን መውሰድ ግን ይቻላል። በየሸለቆው ያሉትን ያረጁ ዝግባዎች፣ ጽዶችና ኮሶዎች ፍሬና አበባ በሚይዙበት ወቅት ከአካባቢው ሰው ጋር ዞሮ ወንዴና ሴቴያቸውን መለየት፤ ቦታቸውን በጂፒኤስ መመዝገብ፤ ዋሻ ያለውን ለብቻ ማስታወሻ መያዝ፤ በየሦስት ወሩ እግራቸውን ማየት። ክፍተት የተፈጠረበት ቦታ ላይ ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ አለመትከል። ኮሶና ጽድ ብርሃን ስለሚወዱ መሐሉን፣ ዝግባ በልጅነቱ ጥላ ስለሚመቸው ዳር ዳሩን። ዙሪያውን በእሾህ ማጠር። ከብት የገባበት ችግኝ ሁለተኛ ክረምቱን አያይም።

ያ ጉቶ ወንዴ ይሁን ሴቴ አሁን ማወቅ አይቻልም፤ የተቆረጠ ግንድ ይህን አያሳይም። በአቅራቢያው፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ቀጠን ያለ ሌላ ዝግባ ቆሟል። ፍሬ የሚይዝ መሆኑን ለማየት ፍሬው በሚደርስበት ወቅት ተመልሶ ከሥሩ ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ ማድረግ ነው።